መስኮት ቁጥር ሦስት

ከሚሲሲፒ ወዲህ፣ ከጥጥ ማሳው ማዶ፣
ቀይ ሸክላ ሕንጻ አለ፣ ቀለሙ በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ነዶ፤
እዚያ ነው ያረጀሁ።
«ቬርሊን ሃቸር» ብዬ፣ ከመስኮት ቁጥር ሦስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስፈርም ኖርሁ።

የውሻ ፈቃድ አለ፤ የክትባት ወረቀት ማሳየት ነው ቀድሞ፣
የጀልባ ፈቃድ አለ፤ ቁጥሩ በግራ በቀኟ ይጻፋል፣ ገዝፎ፣ ተደግሞ።
የጋብቻም አለ፤
እሱም ከዚሁ መሳቢያ፣ ከውሻው ፎርም ሥር የዋለ።

ሐሙስ ነው፣ ከምሳ በፊት፤
አራት ሆነው መጡ፦ አባት፣ እናት፣ ሙሽራና ሙሽሪት።
እሱ ሃያ ሰባት፤ ጢሙን በጥድፊያ ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል፣
ትንሽዬ የሶፍት ቁራጭ ከደሙ ጋር ተጣብቋል።
እሷ አሥራ አምስት ናት፤ ካሊስታ ፕሩዊት፤ ጫማዋ የስፖርት፣
ግራ መዳፏ ላይ በሰማያዊ ቀለም ቀመር ጽፋለች፣ እንዳይጠፋት።

በዚያ ዕድሜ መኪና ብቻዋን አትነዳም፣ ቢራ አይሸጥላትም፣
መካነ አራዊት ለማየት እንኳ ትምህርት ቤቷ ያለ ፈቃድ አይወስዳትም።
ለትዳር ግን ሕጉ አጭር ነበር፤
አንድ ወላጅ ከፈረመ፣ ዳኛም አይጠራ፣ ጉዳዩም አይመረመር።
«ወደሽ ነው?» የሚል ሣጥን አልነበረም በፎርሙ፣
ይበቃ ነበረ ስሟ፣ ከስሟ ጎን ስሙ።
እስክሪብቶው ከባንኮኒው ጋር ታስሯል በሰንሰለት፤
ሰው ይዞት እንዳይሄድ። ለእሱ እንኳ አስበንለት።

አባቷ ፈረመ። እናቷ ቀና ብላ የጣሪያውን ማራገቢያ አየች።
ልጅቷ መዝገቡን በግራ እጇ ደግፋ፣ በቀኟ ስሟን ጻፈች፤
ወደ መስታወቱ ተጠግታ «ይቆያል እንዴ?» አለች፣
«ከሰዓት ፈተና አለኝ» ብላ አንሾካሾከች፣ እናቷን በጎን እያየች።

ምን አልኋት? ምንም።
ማኅተሜን አነሣሁ። ማኅተም እንደሆን ጨንቆት አያውቅም።
ሃምሳ ዶላር ቆጠርሁ፣ ደረሰኝ ቆረጥሁ፤
«እንኳን ደስ ያላችሁ» አልሁ።

ዓመት ከሁለት ወር ቆይቶ፣ ዶፍ ሲጥል የዋለ ዕለት፣
ብቻዋን ገባች። «መፋታት በየት በኩል ነው?» አለችኝ፣ ውሃ እየወረዳት።
«ሰባት ቁጥር» አልኋት። ሄደች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣች፤
«ዕድሜሽ አልደረሰም፣ ክስ ማቅረብ አትችዪም አሉኝ» አለች።
ወደ ሴቶች መጠለያ ደወልሁ፤
«ስንት ዓመቷ?» አሉ። ነገርኋቸው። «ለልጅ አልጋ የለንም።» ዘጋሁ።

ለሦስተኛው መስኮት ሙሉ ሴት፣ ለሰባተኛው ልጅ፤
ማኅተሙ ግን ያው ነው፤ ንስሩም ያው፣ ያው እንጨት፣ ያው እጅ።
ጃንጥላዬን ሰጠኋት፤
እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ብቻ በመስኮት አየኋት።

አሁን ሕግ ወጥቷል። ሰኞ ደረሰን ደብዳቤው፤
ከአሥራ ስምንት በታች፣ ማንም ቢፈርም፣ ማንም ቢለምን፣ አናየው።
ደግ። በጣም ደግ። ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ኬክ ገዝተው ቆረሱ፣
«አንቺስ አትበዪም?» አሉኝ። እኔ ግን አልጣመኝም ቁርሱ።
ሰርገኛ መጣ ሲባል በርበሬ የሚቀነጥስ እንኳ የተሻለ ነው፤
እኛ ሰርገኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ከሄደ ወዲያ ነው የቀነጠስነው።

ሁሉም ሲወጡ ቆየሁ።
ከምድር ቤት የዚያን ዓመት መዝገብ አወጣሁ፣
አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣ ሐሙሱን ፈለግሁ።
ስሟ አለ፤ ክብ ክብ ያለ፣ የተማሪ ጽሕፈት።
ከስሟ በስተግራ፣ መዳፏ ባረፈበት፣
ላብ ያተመው ሰማያዊ ጥላ አለ፣ ቀመሩ ተገልብጦ።
በኪስ መስታወቴ አነበብሁት። ቁጥሮቹ ፈዘዋል፤ የቀረው ፈጥጦ
«እኩል ይሆናል» የሚለው ምልክት ነው፤ ሁለት አጫጭር መስመር።
ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው።